ልጅ ብቻቸውን ለሚያሳድጉ የተጀመረን ስብስብ ሰው እንዲያውቀው ማድረግ፦ ከደሴ የተጻፈ የአሠራር መመሪያ

የመጀመሪያው ማስታወቂያችን እንዲህ ይል ነበር፦ «ለነጠላ ወላጆች የድጋፍ ቡድን ተቋቁሟል። ቅዳሜ መጥታችሁ እንድትመዘገቡ ተጋብዛችኋል።» በትልልቅ ፊደል አስጽፈን 40 ኮፒ አነሳን። ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ፣ ከአራዳ እስከ ሰኞ ገበያ በየምሰሶውና በየግድግዳው ለጠፍን። ደሴ ዳገትና ቁልቁለት ናት። ሁለት ቀን ሙሉ በእግራችን ዞርን።

ቅዳሜ 19 ሰው መጣ። ዓይናችንን ማመን አቃተን። ቡናው ሊፈላ ሲል አንዲት እናት ከጉያዋ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጣች። የመታወቂያዋ ኮፒና የልጆቿ የክትባት ካርድ ነው። አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረችና «ዘይቱ ዛሬ ነው የሚሰጠው?» አለች። ከኋላዋ ያሉትም መታወቂያቸውን ማውጣት ጀመሩ። አንዲት ትልቅ ሴት ደግሞ ነጠላ ይታደላል ተብለው ነበር የመጡት።

ጥፋቱ የእኛ ነበር። በ2014ቱ ጦርነት ቤቱ ለተዘረፈ፣ ተፈናቅሎ ለተመለሰ ሰው «ድጋፍ» ማለት ስንዴና ዘይት ነው። «ነጠላ ወላጅ» የሚለው ደግሞ የስብሰባና የሪፖርት ቃል ነው። ሰፈር ውስጥ ራሷን እንዲህ ብላ የምትጠራ እናት እስከ ዛሬ አላጋጠመችኝም። ያን ቀን ሰዎቹን ቡና አጠጣን፤ ይቅርታ ጠይቀን ባዶ እጃቸውን ሸኘናቸው። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከ19ኙ መካከል እኛ የምንፈልጋቸው ሁለት ሴቶች ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ወጡ። ተመልሰውም አልመጡ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከባለቤቴ ከተለያየሁ ሰባት ዓመት ሆነኝ፤ ሁለት ልጆች አሉኝ። ይህን የምጽፈው ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ወልዲያም ሆነ ሐይቅ እንዲህ ያለ ስብስብ የጀመራችሁ ወይም ልትጀምሩ ያሰባችሁ የእኛን ስሕተት እንዳትደግሙት ነው። ብቻዋን የምታሳድግ እናት ወሬው ስላልደረሳት ብቻ አይደለም የምትቀረው። ብዙ ጊዜ ደርሷታል። የያዛት «ሰው ምን ይለኛል» ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ነገር ስትሠሩ «እሷ ይህን አይታ ሳታፍር መምጣት ትችላለች ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

1. ከማስታወቂያው በፊት ቀኑንና ቦታውን ቁረጡ

ሰው ጠርቶ በር ዘግቶ መገኘት ከሁሉ የከፋ ነው። አንድ ጊዜ አፍራ ደፍራ የመጣች ሴት በሩ ተዘግቶ ካገኘችው ሁለተኛ አትሞክርም። ቢያንስ ለሦስት ወር የማይለወጥ ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ያዙ።

እኛ እሑድ ከቀኑ 9 እስከ 11 ሰዓት አደረግን። ጠዋቱ ለቅዳሴ ክፍት ነው፤ ዓርብን ለጁምዓ ትተነዋል። የገበያን ቀን ሽሹ። ባቲ ከሆናችሁ ሰኞን አታስቡት፤ ሰዉ ሁሉ ገበያ ነው። መስከረም 21 የግሸን ማርያም ንግሥ ነው፤ መኪናውም ሰዉም ወደዚያ ይሄዳል። መውሊድም ሲደርስ እንዲሁ ነው፤ ግማሹ ሰው ወደ ጀማ ንጉሥ ይጓዛል። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ቡናው ቀርቶ ጨዋታው ብቻ ይቀጥል፤ ጾመኛ ፊት ቡና አታጭሱ።

መጀመሪያ «በየ15 ቀኑ» ብለን ነበር። ሰው ቆጠራው ጠፋበት፤ በማይሆነው እሑድ የሚመጣ በዛ። አሁን በየሳምንቱ ነው። ሁለት ሰው ብቻ ቢመጣም ቡናው ይፈላል።

ቦታው መግቢያው ብዙ ሰው የማያይበት ቢሆን ጥሩ ነው። ሌላ ሥራም የሚሠራበት ግቢ፣ ለምሳሌ የልብስ ስፌት ማሠልጠኛ ወይም ቤተ መጻሕፍት፣ ይመረጣል። እዚያ የምትገባ ሴት ለምን እንደገባች ከውጭ አይታወቅም። በር ላይ ባነር አትስቀሉ።

2. ቀበሌ ሂዱ

አትደብቁ። ሰው ሰብሰብ ሲል ምንድን ነው ተብሎ መጠየቁ አይቀርም። አንድ ገጽ ደብዳቤ ጽፋችሁ ለቀበሌውና ለሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አስገቡ። ማን እንደሆናችሁ፣ የት፣ መቼ፣ ለምን እንደምትገናኙ ጻፉ። ገቢ ያደረጋችሁበትን ቀንና ቁጥር በቅጂው ላይ አስጽፋችሁ ያዙ። በኋላ ትምህርት ቤትም ሬዲዮ ጣቢያም ስትሄዱ የምትጠየቁት ይህንን ወረቀት ነው።

የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርና እቁብን የመሳሰሉ ባህላዊ ማኅበራትን አይመለከትም። ግን ገንዘብ ማሰባሰብ ወይም «ድርጅት» መባል ከፈለጋችሁ ነገሩ ሌላ ነው፤ መጀመሪያ ጠይቁ። እስከዚያ ማስታወቂያችሁ ላይ «ድርጅት» አትበሉ።

3. ቃላቱን ከሚመጡት ሰዎች አፍ ውሰዱ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ከሁለተኛው ማስታወቂያ በፊት አምስት የማውቃቸውን እናቶች «ስለራስሽ ስታወሪ ምን ትያለሽ?» ብዬ ጠየቅኩ። ሁሉም ያሉት ተመሳሳይ ነው፦ «ብቻዬን ነው የማሳድጋቸው።» አንዷ ባሏ አረፈ። አንዷ ተፋታች። አንዷ ሳታገባ ወለደች። የአንዷ ባል አረብ አገር ከሄደ አራት ዓመቱ ነው፤ መደወል ካቆመ ግን ሁለት። አምስተኛዋ ልጇ ሳዑዲ ሄዳ የልጅ ልጆቿን የምታሳድግ አያት ናት። ሕይወታቸው ለየቅል ነው። «ብቻዬን» የሚለው ቃል ግን ሁሉንም ያዘ።

ደሴ ስንት ዓይነት ሰው እንዳለ አስቡ። «መበለት» ካላችሁ የተፋታችው አይመለከተኝም ትላለች። «የቲም» ካላችሁ አባቱ በሕይወት ያለው ልጅ ይቀራል። «ፈት» የሚለውን ቃል በፍጹም አትጻፉ። ሳታገባ የወለደችን እናት የሚያሳቅቅ ነገርም በየትኛውም መስመር አይግባ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደው እኩል መብት እንዳለው በግልጽ ይናገራል። አንድ ሰው «እነዚህንም ትቀበላላችሁ?» ብሎ ቢሞግታችሁ ይህን ንገሩት።

ለስብስቡ ስም ለማውጣት አትቸኩሉ። የእኛን ሰዉ ራሱ «የእሑዱ ቡና» ማለት ጀመረ። «የት ልትሄጂ ነው?» ስትባል «ቡና ልጠጣ» ብትል ውሸት አልተናገረችም።

ሁለተኛው ማስታወቂያችን ይኸውና፦

«ልጅ ብቻችሁን ለምታሳድጉ እናቶች፣ አባቶችና አያቶች።
በየሳምንቱ እሑድ ከቀኑ 9 እስከ 11 ሰዓት ቡና እየጠጣን እንጨዋወታለን፤ እንመካከራለን።
ክፍያ የለውም። ምዝገባ የለውም። እርዳታ አይታደልበትም።
ስማችሁን አንጠይቅም። የሃይማኖትም የፖለቲካም አይደለም።
ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ የሚጠብቅ ሰው አለ።
ቦታውን በስልክ እንነግራችኋለን። ሚስኮል አድርጉ፤ መልሰን እንደውላለን።»

እያንዳንዷ መስመር ሰው የጠየቀንን ጥያቄ ትመልሳለች። «እርዳታ አይታደልበትም» የምትለዋ ለመጻፍ ከብዳን ነበር፤ ልብ ትሰብራለች ብለን ፈራን። ግን እውነቱን በወረቀት መናገር ሰውን ከሩቅ አስመጥቶ ባዶ እጁን ከመመለስ ይሻላል። «ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ» የምትለዋ ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ሠርታለች። ብቻዋን የምታሳድግ እናት ልጇን ለማን ትታ ትምጣ?

ቦታውን ያልጻፍነው ሆን ብለን ነው። ብቻቸውን የሚኖሩ ሴቶች የት እንደሚሰበሰቡ ግድግዳ ላይ መለጠፍ አደጋ አለው። ከመጥፎ ትዳር ሸሽታ የወጣች ሴት አለች። የቀድሞ ባሏ በር ላይ ቆሞ እንዲጠብቃት አንፈልግም።

ከሚሴና ባቲ አካባቢ ከሆናችሁ ማስታወቂያውን በአፋን ኦሮሞም አዘጋጁ። በአማርኛ የተጻፈውን ቃል በቃል ከማስተርጎም ቋንቋው አፍ መፍቻዋ የሆነች እናት ከባዶ ብታጽፋችሁ ይሻላል።

4. ስልኩን ማን ያነሳል?

ማስታወቂያው ስልክ እስከማስደወል ነው የሚያደርሰው። ከዚያ በኋላ ያለው በመጀመሪያዋ ግማሽ ደቂቃ ይወሰናል።

ለዚህ ብቻ የሚሆን ሲም ካርድ አውጡ። የግል ቁጥራችሁን አትለጥፉ፤ እኔ በመጀመሪያው ዙር ለጥፌ ለሁለት ወር ሌሊት ሌሊት የማላውቃቸው ወንዶች ሲደውሉብኝ ኖረዋል። «ብቻቸውን ያሉ ሴቶች» የሚል ነገር ሲያዩ ለሌላ ነገር የሚደውሉ አሉ። ስልኩ የሚነሳበትን ሰዓት ወስኑ። የእኛ ከምሽቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ነው፤ ከሥራ የተመለሰች እናት ትንሽ የምታርፍበት። ከዚያ ውጭ ይዘጋል።

ሚስኮሉን ችላ አትበሉ። ብዙዋ ካርድ የላትም። «ደውሉልኝ» የሚል መልእክት የላከችም የሁለት ቀን ድፍረት አጠራቅማ ሊሆን ይችላል። በዚያው ምሽት መልሱላት።

አንስታችሁ ምን ትላላችሁ? መጠየቅ አትጀምሩ። «ስም? ዕድሜ? ባልሽ የት ነው?» የሚባለው ቢሮ ነው። የእኛዋ ስልክ አንሺ እንዲህ ትላለች፦ «አብሽሪ እህቴ፣ እኔም ብቻዬን ነው የማሳድገው። እሑድ ቡና እናፈላለን፤ ልጆችሽንም ይዘሽ ነይ። ስምሽን ካልፈለግሽ አትንገሪኝ።» በዕድሜ ትልቅ ከሆኑ «እናቴ» ብላ በአንቱታ ነው የምታናግራቸው። ወንድ ከሆነ ደግሞ ስልኩን ለአንድ አባት ታስተላልፋለች። በስልኩ ላይ ወንድ ድምፅ ከገባ በኋላ ነው አባቶች መምጣት የጀመሩት። የመጀመሪያው አባት ሚስቱ የሞተችበት ሹፌር ነው። ሦስት እሑድ ዝም ብሎ ተቀመጠ። በአራተኛው የስድስት ዓመት ልጁን ከፊቱ አስቀምጦ «ሹሩባ የምታሳየኝ አለች?» አለ። ሦስት ሴት ባንዴ ተነሳች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለጓደኞቹ የሚናገርልን እሱ ነው።

ስለ ቀለብ፣ ስለ ውርስ፣ ስለ ፍርድ ቤት የሚጠይቁ ይደውላሉ። የማታውቁትን አትመልሱ። የሴቶች ጉዳይ ቢሮውና ፍርድ ቤቱ የት እንዳሉ ብቻ በትክክል ንገሩ። በማስታወቂያም «ቀለብ እናስወስናለን» ብላችሁ ቃል አትግቡ።

5. ወረቀቱን እጅ የሚደርስበት፣ ዓይን የማይበዛበት ቦታ ላይ ለጥፉ

ምሰሶ ላይ የተለጠፈን ወረቀት ቆሞ ማንበብ ራሱ ድፍረት ይፈልጋል። ማንም ሳያያት የምታነብበት ቦታ ፈልጉላት። የጤና ጣቢያ የሴቶች መጸዳጃ በር ከውስጥ በኩል፣ የሴቶች ፀጉር ቤት መስታወት ጠርዝ፣ ወፍጮ ቤት፣ ልብስ ሰፊ ቤት። ባለቤቱን ግን አስፈቅዱ።

ከወረቀቱ ሥር ቁጥሩን ደጋግማችሁ ጽፋችሁ በመቀስ ሰንጥቁት፤ ቀድዳ እንድትወስድ። በቁራጩ ላይ ቁጥሩ ብቻ ይኑር። ምንም ቃል አትጨምሩ። ቦርሳዋ ውስጥ አማቷ ወይም ልጇ ቢያገኘው ምንም አይናገርም።

ይህን ቁራጭ ወረቀት ያሰብነው አንድ ወፍጮ ቤት ካየሁት በኋላ ነው። አንዲት ልጅ ያዘለች ወጣት ተራዋን ስትጠብቅ ማስታወቂያውን ታያለች፣ ዘወር ትላለች፣ ደግማ ታያለች። ዱቄት በነካው እጇ ከሚመዝነው ልጅ እስክርቢቶ ተዋሰችና ቁጥሩን መዳፏ ላይ መጻፍ ጀመረች። ስድስተኛው ቁጥር ላይ የምታውቃት ሴት «እንዴት ዋልሽ» ብላ ገባች። ልጅቷ እጇን ጨበጠች። እስክርቢቶውንም ሳትመልስ እህሏን ተሸክማ ወጣች። አራት ቁጥር ጎድሎባታል። ደውላልን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።

ክረምት ላይ የደሴ ዝናብና ጉም ወረቀት አይምርም። ውጭ የምትለጥፉትን ላስቲክ አልብሱት፤ ቀለሙም በውሃ የማይፈስ ኮፒ ይሁን። እውነቱን ለመናገር ውጭ መለጠፉን እኛ ትተነዋል።

6. ወሬውን የሚያምኑት ሰው ያድርስ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ወረቀቱ ያግዛል እንጂ ሰው የሚመጣው ሰው ሲነግረው ነው።

ቡና የሚያፈሉ ሴቶች። መንገድ ዳር ጀበና ይዘው ከሚቀመጡት ብዙዎቹ ራሳቸው ልጅ ብቻቸውን የሚያሳድጉ ናቸው። የሰፈሩ ወሬ በእነሱ በኩል ያልፋል፤ ማን ምን እንደሆነ ያውቃሉ፤ ሲያስፈልግም አፋቸውን ይይዛሉ። ስትሄዱ ወረቀት ሰጥታችሁ አትመለሱ። ተቀምጣችሁ ቡና ጠጡ፤ ሒሳባችሁን ክፈሉ፤ ከአቦል እስከ በረካ ቆዩ። የእኛን ስብስብ ለሰው ያደረሰችው ከአንድ ታክሲ ተራ አጠገብ የምታፈላ ሴት ናት። ከመጀመሪያዎቹ 11 ሰዎች 6ቱን ያመጣች እሷ ነች።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች። ሕፃን እንደተወለደ ይከተባል፤ ከዚያ በ6፣ በ10ና በ14 ሳምንቱ፣ እንደገና በ9 ወሩ ይመለሳል። ያቺ እናት በአንድ ዓመት ውስጥ ደጋግማ ትመጣለች ማለት ነው፤ ሁሌ ብቻዋን የምትመጣዋን ሠራተኛዋ ታውቃታለች። አንድ ነገር ግን ጠብቁ። የእናቶችን ስም ዝርዝር እንድትሰጣችሁ አትጠይቁ፤ ብትሰጣችሁም አትቀበሉ። እሷ የእናንተን ቁጥር ለእናቲቱ ትስጥ። የመደወል ውሳኔው የእናቲቱ ነው።

ቅሬ። በሌላው አገር እድር የሚባለው በእኛ ቅሬ ነው፤ ባል የሞተባትን ሴት ከማንም ቀድሞ የሚያውቅ እሱ ነው። የቅሬ ኃላፊዎችን ቤታቸው ሄዳችሁ አናግሯቸው፤ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ በስልክ አይሆንም። ለቀስተኛው በተሰበሰበበት ድንኳን ውስጥ ግን እንዳይናገሩ ለምኑ። ሐዘኑ ረገብ ሲል፣ ጠያቂው ሲቀንስ፣ ቤቱ ጭር ሲል ነው የሚያስፈልገው። በሰፈራችሁ ዱአ የሚያደርጉ፣ ቡና ላይ የሚመርቁ ዱበርቲዎች ካሉም አትለፏቸው። የእነሱ «ሂጂ፣ ደግ ነገር ነው» ከመቶ ወረቀት ይበልጣል።

ቤተ ክርስቲያንና መስጂድ። ሁለቱንም በአንድ ሳምንት ጠይቁ። በአንዱ ብቻ ከተነገረ ስብስቡ የአንዱ ወገን ነው ይባላል፤ ያን ወሬ መመለስ ወራት ይፈጃል። ወሎ ውስጥ አንድ ቤት ሁለት ሃይማኖት ይዞ ይኖራል፤ ስብስባችሁም ይህንን መምሰል አለበት። የሰበካ ጉባኤውንና የመስጂዱን ኮሚቴ በየፊናቸው አነጋግሩ። ሰባኪውም ኢማሙም የሚሉትን በአራት አጭር ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ስጡ፤ ካልሆነ ንግግሩ ወደ ፍቺ ስብከት ይሄዳል። «ፍቺን ታበረታታላችሁ ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። የእኛ መልስ «ትዳር ውስጥ አንገባም፤ ልጆቹ እንዳይጎዱ እንረዳዳለን» የሚል ነው። እስካሁን በዚህ ያልተስማማ የሃይማኖት አባት አላገኘንም።

ትምህርት ቤት። ስም ጠሪ መምህራን ብዙ ያውቃሉ፤ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንዲት መምህርት በቅን ልብ ማስታወቂያችንን ለአራት ልጆች ብቻ ክፍል ውስጥ ሰጠች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጆቹ «አባት የሌላቸው» ተባሉ። አንዱ ለሳምንት ትምህርት ቤት አልሄድም አለ። ስለዚህ ወይ ለሁሉም ተማሪ ይታደል፣ ወይ ለማንም። የወላጅ ስብሰባ ቀን ሁለት ደቂቃ ለምናችሁ ለሁሉም ወላጅ መናገር ይሻላል። ስትናገሩ «እንዲህ ያላችሁ እጅ አውጡ» አትበሉ። «ዘመድ ወይም ጎረቤት ካላችሁ ንገሩልን» በሉ። ለጎረቤቷ ብላ ቁጥሩን የምትጽፈው ራሷ ልትሆን ትችላለች፤ መውጫ በር ስጧት።

ኮምቦልቻ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ከተከፈተ ወዲህ ከየገጠሩ መጥተው በፈረቃ የሚሠሩ ወጣት ሴቶች አሉ። ልጅ የያዙም አሉባቸው። እነሱ ቅሬም የላቸውም፣ የሚያውቃቸው ጎረቤትም ገና የለም። ፈረቃ ሲቀየር ሰርቪስ የሚጠብቁበት ቦታ ያሉ ሱቆችንና ቤት አከራይ እናቶችን ያዙ።

7. ስልክ ላይ ያለው ዓለም

ቴሌግራም ላይ ግሩፕ አትክፈቱ፤ ቻናል ክፈቱ። ግሩፕ ውስጥ አባላቱ እርስ በርስ ይተያያሉ፤ አንድ የሰፈር ሰው ገብቶ ማን ማን እንዳለ ሊያይ ይችላል። ቻናል ላይ ግን ተከታዮቹን የሚያየው አስተዳዳሪው ብቻ ነው። መጀመሪያ ተከታዮቹ የሚማሩበት አንድ የድምፅ መልእክት ልቀቁ፦ ሴቲንግ ገብተው በፕራይቬሲ ሥር የስልክ ቁጥራቸው ለማንም እንዳይታይ እንዴት እንደሚያደርጉ።

በድምፅ ተናገሩ። ማንበብ የማይቀላት እናት ብዙ ናት፤ የምታነብም ብትሆን ምጣድ ላይ ሆና ድምፅ ትሰማለች። አንድ ደቂቃ አትለፉ። አረብ አገር ያሉ ቤተሰቦችም በኢሞና በዋትሳፕ እህታቸው ዘንድ የሚያደርሱት እንዲህ ያለውን ነው። እኛ ጋ ከጅዳ በእህቷ ተነግሯት ከሐይቅ የመጣች አለች።

ፎቶ ላይ ጥብቅ ሁኑ። የማንም ልጅ ፊት አይለጠፍ። የእናቶችም አይለጠፍ፤ እሺ ቢሉም እንኳ። ዛሬ እሺ ያለች በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሕይወት ሊኖራት ይችላል፤ ፎቶው ግን ፌስቡክ ላይ ይቀራል። እኛ የምንለጥፈው ረከቦትና ስኒ ነው። ቲክቶክ ላይ የሚያለቅስ ሰው ማሳየት ተመልካች ያመጣል። ሰው ግን ያሸሻል፤ «እኔንም እንዲህ ሊያደርጉኝ ነው» ትላለች።

መብራትና ኔትወርክ የሚጠፋበት ሳምንት እንዳለ ሁላችን እናውቃለን። ስልክ ላይ ብቻ አትመኩ።

8. ሬዲዮ

ደሴ የኤፍኤም ጣቢያዎች አሏት። ከቀበሌ የያዛችሁትን ወረቀትና የግማሽ ገጽ ጽሑፍ ይዛችሁ በአካል ሂዱ። የቤተሰብ ወይም የሴቶች ዝግጅት ያለውን አዘጋጅ ጠይቁ። የሚከፈልበት ማስታወቂያ ብዙ ገንዘብ ነው፤ በውይይት ዝግጅት መጋበዝ ግን ምንም አያስከፍልም፣ የበለጠም ይሰማል። ቁጥሩን ሦስት ጊዜ በዝግታ አስነግሩ። ታሪኳን የምትናገር እናት ካመጣችሁ ስሟን ይለውጡ፤ ሰፈሯንም አይጥሩ። ቀጥታ ሥርጭት ከሆነ የሚደውል አድማጭ ምን እንደሚል አይታወቅምና እሷን አታስገቡ፤ እናንተው ግቡ።

የሬዲዮው ቀን ስልኩ አያባራም። ሁለት ሰው አዘጋጁ።

9. የመጡትን «ከማን ሰማሽ?» በሏቸው

ስማቸውን አትጻፉ፤ ይህችን አንዲት ጥያቄ ግን ጠይቁና በደብተር ላይ ጭረት አድርጉ። ቡና አፍይ፣ ጤና ጣቢያ፣ ወረቀት፣ ሬዲዮ፣ ጎረቤት። በሁለት ወር ውስጥ የት መድከም እንዳለባችሁ ደብተሩ ይነግራችኋል። የእኛው ብዙ ገንዘብ ያወጣንበት የግድግዳ ወረቀት አንድም ሰው እንዳላመጣ ነገረን። አምስት ሲኒ ቡና የከፈልንባት ሴትዮ ግን ስድስት ሰው።

አዲስ የመጣችን በር ላይ ሁለት ሰው አይቀበላት፤ አንድ ይበቃል። በሩ አጠገብ መቀመጥ ከፈለገች ተዋት። መጀመሪያ ቀን እንድታወራ አትገፋፏት። ስትወጣ «የዛሬ ሳምንትም አለን» በሏት፤ ሌላ አትጨምሩ። ጥሩ ከዋለች ጎረቤቷን ይዛ ትመጣለች።

10. ያረጀውን ወረቀት አንሱ

ቀን ወይም ቁጥር በተለወጠ ጊዜ የለጠፋችሁትን ሁሉ ዞራችሁ አንሱ። ስትለጥፉ ጀምሮ የት የት እንደለጠፋችሁ ደብተር ላይ መዝግቡ፤ ማን እንደሚያነሳውም ይጻፍ።

እኛ ከቅዳሜ ወደ እሑድ ስንለወጥ አንዲት ወረቀት አንድ ሱቅ ጀርባ ቀርታ ነበር። አንዲት እናት ከኩታበር ሁለት ልጅ ይዛ፣ አንዱን አዝላ፣ በቅዳሜ መጣች። ግቢው ተዘግቷል። ዘበኛው «እዚህ ምንም የለም» አላት። ይህን የሰማሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ ከዘበኛው ነው። ወረቀቷን በሩ ሥር አጣጥፋ ትታው ሄዳለች። በዚያው ሰኞ ከደብተሩ ጋር ዞርን፤ 40ውም መነሳታቸውን እስክናረጋግጥ ድረስ ሁለት ቀን ፈጀብን። ለዘበኛውም የስልኩን ቁጥር ጽፈን ሰጠነው፤ ከእንግዲህ ልጅ ያዘለ ሰው ከመጣ መጀመሪያ አስቀምጦ ውሃ ይሰጣል፣ ከዚያ ይደውልልናል።